ፋይሉ አልጠፋም፤ ስሙ ነው የጠፋን

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ አንዲት ሠልጣኝ የማስተማር ልምምድ ውጤቷ ከሌሎቹ ኮርሶች ውጤት ጋር ሳይገባላት ቀረ። ልምምዱን ጨርሳለች፤ ተቆጣጣሪ መምህሯ ቅጹን ሞልተዋል፤ ማርኩም በኮምፒዩተር ተተይቦ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል። ይሁን እንጂ ነገሩን ለማጣራት በሄደችበት ቢሮ የነበሩት ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ የመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ «ሰልጣኝ» ብለው ጽፈው ቢፈልጉ ስክሪኑ ባዶውን ቀረ። «ልጄ፣ ያንቺ ዝርዝር እኛ ዘንድ የለም» አሏት። «እንዴ እትዬ፣ መምህሬ አስገብቻለሁ ብለውኛል እኮ!» ብትልም ምን ዋጋ አለው? ኮምፒዩተሩ የለም ብሏላ! ልምምዱን እንደገና ለመጀመር ማመልከቻ ጽፋ ፊርማ ስታሰባስብ ነው እኛ ነገሩን የሰማነው።

ፋይሉ ግን ነበረ። እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ከአራት ፎልደር በታች፣ «የሠልጣኞች ውጤት» የሚል ስም ተሰጥቶት ተቀምጧል። ሠራተኛዋ አልዋሹም፤ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም። ችግሩ የመጣው ኮምፒዩተር ስም የሚፈልግበት መንገድና እኛ አማርኛ የምንጽፍበት መንገድ ሳይተዋወቁ በመቅረታቸው ነው። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን ኮምፒዩተር ፎልደር ለፎልደር እየዞረ አንድን ፋይል በስሙ እንዴት እንደሚፈልግ፣ ስሙ አማርኛ ሲሆን ደግሞ ለምን እንደሚያመልጠው እንገልጻለን። ነገ ከነገ ወዲያ የስንት ክፍል ተማሪ ማርክ በፍላሽ ይዞ ለሚዞር መምህር ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ አደረጃጀቱን እንመልከት። መዝገብ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን አለ፤ በቁም ሣጥኑ መሳቢያ፣ በመሳቢያው ክላሰር፣ በክላሰሩ ወረቀት። በኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው፤ ወረቀቱ ፋይል ሲባል ክላሰሩም፣ መሳቢያውም፣ ቁም ሣጥኑም ፎልደር ይባላሉ። ባለሙያዎች «ዳይሬክተሪ» ሲሉ ብንሰማ ያው ፎልደር ማለታቸው ነው። ልዩነቱ በእንጨቱ መሳቢያ ውስጥ ሌላ መሳቢያ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ እያሉ እስከ ሃያ መውረድ አለመቻሉ ነው። በኮምፒዩተር ግን ይቻላል፤ በመቻሉም ነው የምንቸገረው።

ይህ አሠራር ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 መልቲክስ ለተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የወጣው ንድፍ ፎልደር ሌላ ፎልደር እንዲይዝ አደረገ። በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የጀመሩት ዩኒክስም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ትናንሾቹ የግል ኮምፒዩተሮች ዘንድ ነገሩ ዘግይቶ ነው የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ኤምኤስ ዶስ በዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ በአንድ ረድፍ ይደረድር ነበር፤ በፎልደር ውስጥ ፎልደር የመጣው በ1983 በወጣው 2.0 እትም ነው። የዚያን ጊዜው ዲስክ ጥቂት ፋይል ብቻ ስለሚይዝ ዝርዝሩን በዓይን ማየት ይበቃ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ እንኳ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፋይል ሊይዝ ይችላል። በዓይን የማይሞከር ነው።

ታዲያ ፈላጊው ፕሮግራም ምን ያደርጋል? አንድ ተላላኪ እናስብ። «ከዚህ ክፍል ጀምርና እንዲህ የሚል ስም ያለውን ሁሉ መዝግበህ አምጣ» ተብሏል። ተላላኪው ወደተባለው ፎልደር ይገባና በውስጡ ያሉትን ስሞች ዝርዝር ያነባል። እያንዳንዱን ስም ከተሰጠው ስም ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ ይመዘግባል፣ ካልገጠመ ያልፋል። ከስሞቹ መካከል ፎልደር ሲያገኝ ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እዚያም ሌላ ፎልደር ካለ እንደገና ይወርዳል። ሲጨርስ ወደ ላይ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዱን ትእዛዝ በራሱ ውስጥ ደጋግሞ መጥራት ማለት ይህ ነው፤ የሒሳብ ሠልጣኞች በቀላሉ ይረዱታል። በአንድ ፎልደር ውስጥ 10 ፎልደር፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ሌላ 10 እያለ አራት ደረጃ ቢወርድ 10 ሲደመር 100 ሲደመር 1,000 ሲደመር 10,000፣ በጠቅላላው 11,110 ፎልደር ይሆናል። ተላላኪያችን አንዱንም ሳይዘል ሁሉንም ይጎበኛል። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ የት ይገኛል!

ነገር ግን ይህ ታታሪ ተላላኪ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ ከተባለበት ቦታ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎረቤት አይሄድም። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር አንድ ፎልደር ከፍተን በላይኛው ጥግ ባለው ሣጥን ስንጽፍ ፍለጋው የሚጀምረው ከዚያ ከተከፈተው ፎልደር ነው። «የ2015 ዓ.ም.» የሚለውን ፎልደር ከፍተን በ2014 ዓ.ም. የተቀመጠ ፈተና ብንፈልግ እስከ ማታ ብንጠብቅም አይመጣም። ስለዚህ የት እንዳለ ካላወቅን ከላይኛው፣ ማለትም ከድራይቩ ከራሱ መጀመር ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ለሚሠሩም ቢሆን «ዲር» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አንዱን ፎልደር ያሳያል እንጂ ወደ ታች አይወርድም፤ እንዲወርድ ሰያፍ መስመርና የላቲኑን «ኤስ» መጨመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠባይ፣ የሚያየው ስም ብቻ መሆኑ ነው። በስም ፈልግ የተባለ ተላላኪ ፋይሉን ከፍቶ ውስጡን አያነብም። በውስጡ የመቶ ሠልጣኝ ስም ቢኖር፣ በላዩ ላይ «ሰነድ 1» ተብሎ ከተጻፈ ለእሱ «ሰነድ 1» ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ሰልጣኝ» ብለን ፈልገን «የሠልጣኞች»ን ለምን አጣን? በአንድ ቃል ላይ ሦስት እንቅፋት ተደራርቦ ነው።

የመጀመሪያው «የ» ናት። የዊንዶውስ መፈለጊያ ሣጥን ብዙውን ጊዜ የሚያስተያየው ከቃሉ መጀመሪያ ተነሥቶ ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ይመቻል፤ ቃላቸው የሚረዝመው በአብዛኛው በመጨረሻው ነውና። የእኛ ቋንቋ ግን ከፊት ለፊትም ይጨምራል፤ የፈተና፣ በፈተና፣ ለፈተና፣ ከፈተና፣ ስለፈተና እንላለን። መነሻው ከተለወጠ ሣጥኑ ቃሉን ሌላ ቃል አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ ይኸኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በላቲን ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻቸው ስለሚጻፉ ብዙ ቁጥር ሲጨመር የቀድሞው ፊደል እንዳለ ይቀራል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። «ሠልጣኝ» ላይ «ኦች» ስንጨምር «ኝ» ራሷ ተለውጣ «ኞ» ትሆናለች። በእኛ ዓይን ኝና ኞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ኝ 4765ኛው፣ ኞ 4766ኛው ምልክት ነው፤ ሁለቱን ከ«ለ»ና ከ«መ» ይበልጥ የሚያዛምዳቸው ነገር አያውቅም። «ክፍል» ብሎ የፈለገ «ክፍሎች»ን፣ «ውጤት» ብሎ የፈለገ «ውጤቱ»ን የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው። «ተማሪ» ግን «ተማሪዎች» ሲሆን መጨረሻው ስለማይነካ ይተርፋል።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ዝርዝር በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ሰጠው። በዚህ መሠረት ንጉሡ ሠ 4640፣ እሳቱ ሰ 4656 ሆኑ። ሃሌታው ሀ 4608፣ ሐመሩ ሐ 4624፣ ብዙኃኑ ኀ 4736 ናቸው። አልፋው አ 4768፣ ዐይኑ ዐ 4816፤ ጸሎቱ ጸ 4920፣ ፀሐዩ ፀ 4928። በአነጋገራችን አንድ ይሁኑ እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚሰማው ድምፅ የለም፤ ቁጥር ነው የሚያየው። እስቲ «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሁለተኛው ፊደል በጽ ወይም በፅ፣ ሦስተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ! ከ12ቱ አንዱን ጽፈን ብንፈልግ በሌሎቹ በ11ዱ የተጻፈው ሁሉ ያመልጠናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ሞክሼዎቹን ማን አመጣብን ሳይል አይቀርም። የግዕዝ መምህራን ቢሰሙን ይቆጡናል፤ በግዕዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፣ ለፀሐይ ይነገራል፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሰረቀ ነው፣ ለሌባ ይነገራል። ልዩነቱ ትርጉም አለው። በአማርኛ ትክክለኛው የቱ ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ክፍሉ እንተወዋለን። እኛ የምንለው ፋይሉን የሰየመው ሰው በየትኛው እንደጻፈው አናውቅም ነው። በዚህ ተቋም በአንድ ኮሪደር ላይ እንኳ «ማሠልጠኛ»ና «ማሰልጠኛ» ጎን ለጎን ተለጥፈው እናያለን።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ለዚህ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ኮከብ * እና የጥያቄ ምልክት ?። ኮከቡ «በዚህ ቦታ ምንም ይሁን፣ ምንም ያህል ይሁን፣ ባይኖርም ግድ የለም» ማለት ነው። የጥያቄ ምልክቱ «በዚህ ቦታ አንድ ፊደል አለ፤ የቱም ይሁን» ማለት ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ምልክቶች በፋይል ስም ውስጥ እንድንጽፍ የማይፈቅደው ለዚሁ ሥራ ስለሚፈልጋቸው ነው።

ዘዴው የቃሉን አጥንት መፈለግ ነው። ከፊት የሚቀጠለውን፣ ከኋላ የሚለወጠውን፣ ሞክሼ ያለውን ፊደል ሁሉ ጥለን የማይነካውን እናስቀራለን። ከ«ሠልጣኝ» ሠ ሞክሼ ስላላት ትውጣ፤ ኝ ስለምትለወጥ ትውጣ፤ የሚቀረው «ልጣ» ነው። በግራና በቀኝ ኮከብ አድርገን *ልጣ* ብለን ስንጽፍ ሠልጣኝ፣ ሰልጣኝ፣ የሠልጣኞች፣ ለሰልጣኞቹ ሁሉም ይመጣሉ። እርግጥ ያልጠራናቸውም ይመጣሉ፤ «ሥልጣንና ኃላፊነት» የሚለው የሥነ ዜጋ ትምህርት ዕቅድም «ልጣ» አለበትና ከእንግዶቹ ጋር ይገባል። ግድ የለም፤ ሃያ ስም በዓይን መለየት የደቂቃ ሥራ ነው። «ሥልጠና» ግን አይመጣም፣ እሱ «ልጠ» ነውና ለብቻው *ልጠ* ብሎ መፈለግ ያሻል። በዚሁ መንገድ ለክፍል *ክፍ*፣ ለውጤት *ውጤ*፣ ለትምህርት *ትምህር* ማለት ነው። በመጨረሻው ላይ ህ ሞክሼ አላት ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር *ትም?ር* ይበል። ለመጽሐፍም *መ??ፍ* ብንል 12ቱንም አጻጻፍ ይይዛል። ይሁን እንጂ *መ??ፎች* ሲሆን ሌላ ነው፣ «መጻሕፍት» ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። አጥንቱን በጣም አሳጥረን *ፍ* ብቻ ብንል ግን የተቋሙ ፋይል ግማሹ ይጎርፍብናል።

አጥንት የሌለው ቃልም አለ፤ «ጽሑፍ» እንዲህ ነው። ጽ ሞክሼ አላት፣ ሑ ሞክሼ አላት፣ ፍ ደግሞ በ«ጽሑፎች» ፎ፣ በ«ጽሑፋዊ» ፋ ትሆናለች። የሚቀር የለም! በዊንዶውስ ያለው አማራጭ *ጽሑ*፣ *ጽሁ*፣ *ፅሑ*፣ *ፅሁ* እያሉ ደጋግሞ መፈለግ ነው። በዩኒክስና በእሱ አምሳል በተሠራው በሊኑክስ ግን ማዕዘን ቅንፍ ይፈቀዳል፤ *[ጽፅ][ሑሁኁ]* ስንል «ከእነዚህ አንዱ፣ ቀጥሎም ከእነዚህ አንዱ» ማለታችን ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ሊኑክስን ካነሣን አንድ ወጥመድ እንጠቁም። በዩኒክስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ፋይንድ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከየት እንደሚጀምር ይነገረዋል፣ ስሙ ይሰጠዋል፣ ወደ ታች መውረዱን በራሱ ያውቅበታል። ነገር ግን ትእዛዙን መጀመሪያ የሚቀበለው ሼል የሚባለው አስተናጋጅ ነው። ሼል ኮከብ ሲያይ ለፋይንድ ከማስተላለፉ በፊት ራሱ ሊፈታው ይሞክራል። ባለንበት ፎልደር ውስጥ «ውጤት 1» የሚባል ፋይል ካለ *ውጤ* የሚለውን «ውጤት 1» ብሎ ለውጦ ያስተላልፈዋል። ፋይንድም የታዘዘውን እንጂ ያሰብነውን አያውቅምና «ውጤት 1»ን ብቻ ይፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ የለም እንደማለት ይሆናል። ስለሆነም ኮከብ ያለበትን ስም ሁልጊዜ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ይገባል። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፉ በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ለጥፈናል። በላቲን ፊደል ለተሰየሙ ፋይሎች ደግሞ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ አይለይም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቢያንስ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነን።

ተላላኪው እያንዳንዱን ፎልደር ሲዞር ጊዜ ስለሚወስድ ሌላ ዘዴም ተፈጥሯል። ይኸውም የስሞቹን ሁሉ መዝገብ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሲጠየቁ ከመዝገቡ ማየት ነው። ጄምስ ውድስ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለዩኒክስ እንዲህ ያለ ፈጣን አፈላለግ ጽፎ አሳተመ፤ «ሎኬት» የሚባለው ትእዛዝ የዚህ ልጅ ነው። የዛሬዎቹ ዊንዶውስና ማክም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። መዝገቡ መልሱን በቅጽበት ይሰጣል፤ ጉድለቱ መዝገብ መሆኑ ነው። ከመመዝገቡ በኋላ የመጣ ፋይል የለበትም፣ የተሰረዘውም እስኪታደስ ድረስ አለ ይላል። አሁን የሰካነው ፍላሽም ብዙውን ጊዜ በመዝገቡ ውስጥ የለም።

ስሙን በትክክል ጽፈን፣ ከላይ ጀምረንም የማናገኘው ፋይል ይኖራል። በሊኑክስ ፋይንድ እንዳይገባ የተከለከለበት ፎልደር ሲያጋጥመው «አልተፈቀደልኝም» የሚል መልእክት ጽፎ ያልፋል፤ ያንን መስመር ሳያነብ «የለም» ብሎ የሚነሣ ሰው ተሳስቷል። የተደበቀ ፋይልም አለ። ፍላሻችንን ስንከፍት ፎልደሮቻችን በሙሉ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ተደርድሮ ያላየ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን አያጠፋቸውም፤ የተደበቁ ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል እንጂ። የተደበቀውን አሳይ የሚለውን ምርጫ ሳያበሩ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በችኮላ ፎርማት ያደረገ ግን በእርግጥ አጠፋው። የቆየ ፋይል የሚፈልግ መምህር ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ቁጥር ወስደው በላዩ የአማርኛ መልክ የሚያለብሱ እንደነበሩ ያስታውስ። የዚያ ዘመን የፋይል ስም በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። «ፈተና»ን አንዱ በላቲኑ «ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» አናባቢ ይጽፈው ስለነበር እዚያም አናባቢዎቹን በጥያቄ ምልክት መተካት ይጠቅማል።

ወደ ሠልጣኟ ጉዳይ እንመለስ። ከሠራተኛዋ ጋር ተቀምጠን፣ ከድራይቩ ጀምረን *ልጣ* ብለን ጻፍን። ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደና ስሞቹ መውረድ ጀመሩ። ሥልጣን መጣ፣ ሠልጣኝ መጣ፣ ሰልጣኞች መጣ፤ «የሠልጣኞች ውጤት»ም መጣ። «እሰይ!» ብለን ሳንጨርስ ግን ያው ስም ያለው ፋይል በተለያየ ፎልደር አራት ጊዜ ተደርድሮ አየነው። ሁለቱን ስንከፍት የልጅቱ መስመር ባዶ ነው። በሁለቱ ማርኩ አለ፤ ያም ቢሆን አንዱ ከሌላው በሦስት ነጥብ ይለያል።

የስም ፍለጋ ከዚህ በላይ አይረዳም። የቱ የመጨረሻው እንደሆነ ለማወቅ ቀኑን ማየት ነበረብን። እዚህም ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ዊንዶውስ ለአንድ ፋይል የተፈጠረበትንና የተሻሻለበትን ቀን ለየብቻ ይይዛል። ፋይሉ ከፍላሽ ሲቀዳ የተፈጠረበት ቀን የተቀዳበት ቀን ይሆናል፤ የተሻሻለበት ግን እንደነበረ ይቆያል። አሮጌው ፋይል ትናንት ስለተቀዳ ብቻ አዲስ መስሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። የተሻሻለበትን ቀን እየተመለከትን ደረደርናቸው። ከላይ የወጣውን ከፍተን መምህሯ በእጃቸው ከሞሉት ቅጽ ጋር ብናስተያየው ማርኩ አንድ ሆነ። ሠራተኛዋም ማመልከቻውን ከጠረጴዛው አንሥተው ለልጅቱ መለሱላት፤ ሌሎቹን ሦስት ቅጂዎች ምን እናድርጋቸው የሚለው ግን እስካሁን አልተወሰነም።